ፓስ ወይስ ነጠላ ትኬት? ከድሬዳዋ ሄዶ አውሮፓን በባቡር ለሚዞር ቤተሰብ

ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ጅቡቲ ትኬት ሲቆረጥ ቀኑም፣ ባቡሩም፣ ወንበሩም አብሮ ይቆረጣል። አውሮፓ ውስጥ እነዚህ ሦስቱ ተለያይተው ሊሸጡ ይችላሉ። ቀኑን ሳይወስኑ ጉዞ መግዛት ይቻላል። ትኬት ተይዞ ወንበር ላይኖር ይችላል። ወንበር ብቻ ተይዞ ደግሞ ያለ ትኬት ከተሳፈሩ ቅጣት አለ። ፓስ (አንዴ ተከፍሎበት ለተወሰኑ ቀኖች በብዙ ባቡር የሚያስኬድ የጉዞ ፈቃድ) ይሻላል ወይስ ነጠላ ትኬት የሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚያደናግረው ይህን ሳይለይ ቀጥታ ዋጋ ማወዳደር ስለሚጀምር ነው።

መልሱን አስቀድመን እንናገር። የጉዞ ቀናችሁን ከሁለት ከሦስት ወር በፊት ቁርጥ አድርጋችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ነጠላ ትኬት አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። ፓስ የሚያዋጣው መንገዱ ሲረዝም፣ አገሩ ሲበዛና ቀኑ ገና ያልለየለት ሲሆን ነው። በፓስ ውስጥ የመንገዱን ዋጋ ብቻ አትከፍሉም፤ ሐሳብ የመቀየር መብትም ትገዛላችሁ። ያን መብት የማትጠቀሙበት ከሆነ ግን ገንዘቡ በከንቱ ሄደ ማለት ነው።

ፓሱ ራሱ ምንድን ነው?

በብዙ አገር የሚያስኬዱት የአውሮፓ ፓሶች ሁለት ናቸው፤ ዩሬይልና ኢንተርሬይል። ሁለቱም 33 አገሮችን ያዳርሳሉ። የሚለያዩት በተጓዡ መኖሪያ ነው። ኑሮው ድሬዳዋ የሆነ ሰው ዩሬይል ይገዛል። ስቶክሆልም የምትኖረው እህቱ ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ቢሆንም ኢንተርሬይል ነው የምትገዛው። ስህተቱ የሚመጣው ከፋዩ ዘመድ በለመደው መንገድ ለእንግዳውም ኢንተርሬይል ሲቆርጥ ነው። ተቆጣጣሪ የነዋሪነት ማስረጃ ቢጠይቅ እንግዳው የሚያሳየው አይኖረውም፤ የሚታየው የተጓዡ መኖሪያ እንጂ የከፋዩ አይደለምና። ደግሞ ኢንተርሬይል የያዘ ሰው በሚኖርበት አገር ውስጥ ፓሱን እንዳሻው አያመላልስበትም፤ ከአገሩ ለመውጣትና ለመመለስ ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ስለዚህ ከእህታችሁ ጋር ስዊድን ውስጥ ልትዞሩ ካሰባችሁ የእናንተ ፓስ ሲሠራ የእሷ ላይሠራ ይችላል።

የሁሉም አገር ፓስ በሁለት ዓይነት ይሸጣል። አንደኛው በቀን ቆጠራ ነው፦ በ1 ወር ውስጥ 4፣ 5 ወይም 7 ቀን፤ በ2 ወር ውስጥ 10 ወይም 15 ቀን። ቀኖቹን እናንተ ትመርጣላችሁ፤ በተመረጠው ቀን የፈለጋችሁትን ያህል ባቡር ትሳፈራላችሁ። ሁለተኛው ተከታታይ ነው፤ 15 ቀን፣ 22 ቀን፣ 1፣ 2 ወይም 3 ወር፣ ተቀመጣችሁም ተጓዛችሁም ይቆጥራል። ዘመድ ቤት አርፎ፣ ቡና ጠጥቶ፣ አንድ ሁለት ሳምንት ሳይንቀሳቀስ ለሚቆይ የእኛ አገር እንግዳ ተከታታዩ ፓስ አይመከርም። የቀን ቆጠራውን ውሰዱ።

ከ12 እስከ 27 ዓመት ያሉ ወጣቶች እስከ ሩብ የሚደርስ ቅናሽ አላቸው። 60 ዓመት የሞላቸው 10 በመቶ ይቀነስላቸዋል። ከ4 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች ከአዋቂ ጋር በነፃ ይሄዳሉ፣ ለአንድ አዋቂ ሁለት ልጅ። ነፃ ነው ማለት ግን ፓስ አያስፈልጋቸውም ማለት አይደለም። የልጁ ነፃ ፓስ ከአዋቂው ጋር በአንድ ላይ መታዘዝ አለበት። በኋላ አስገባለሁ ብሎ የተወ ሰው የልጁን መንገድ ለብቻ ሊከፍል ይችላል።

ሒሳቡ

ለሒሳብ እንዲቀል የ4 ቀን ፓስ ለአንድ አዋቂ፣ በሁለተኛ ማዕረግ፣ 280 ዩሮ ነው ብለን እንያዝ። አንዱ የጉዞ ቀን 70 ዩሮ ሆነ ማለት ነው። ይህች 70 መለኪያችሁ ናት። ትኬቱ 20 ወይም 25 ዩሮ ለሚያወጣ አጭር መንገድ የፓስ ቀን ማቃጠል ኪሳራ ነው፤ አጭሩን በነጠላ ትኬት ሂዱና የፓሱን ቀን ለረጅሙ አስቀምጡት። ሁለቱን መቀላቀል ይቻላል፣ ብዙ ሰው ግን ፓስ ከገዛ በኋላ ትኬት መቁረጥ እንደ ሁለተኛ ክፍያ ስለሚሰማው አያደርገውም።

አሁን አንድ መንገድ እንውሰድ። ከፍራንክፈርት ወደ ዙሪክ፣ ከዙሪክ በሚላኖ በኩል ወደ ሮም፣ ከሮም በቬኒስ በኩል ወደ ቪየና፣ ከቪየና ወደ ፍራንክፈርት። አራት ረጃጅም ቀኖች።

ቀኖቹ ታውቀው ትኬቱ ከሁለት ወር በላይ ቀድሞ ቢቆረጥና እያንዳንዱ ቀን በአማካይ 50 ዩሮ ቢያስወጣ፣ ድምሩ 200 ዩሮ ይሆናል። ያው መንገድ በመጨረሻው ሳምንት ሲቆረጥ አማካዩ 110 ቢደርስ 440 ዩሮ ነው። ፓሱ 280፣ በላዩ ላይ የግዴታ የወንበር ክፍያው 50 ያህል ቢጨመር 330 ዩሮ። መንገዱ ያው፣ ተጓዡም ያው ነው፤ መልሱን የቀየረው የተገዛበት ቀን ብቻ ነው። የፈጣን ባቡር ቅናሽ ትኬት በቁጥር የተወሰነ ነው፤ ርካሹ ሲያልቅ ቀጣዩ ዋጋ ይመጣል፣ እሱም ሲያልቅ ሙሉው። ፓስ ግን የባቡሩ ትኬት ቢወደድም ዋጋው በዚያ አይንቀሳቀስም።

በአንጻሩ ፍራንክፈርት አርፋችሁ ኮሎኝን አይታችሁ ተመልሳችሁ፣ ሙኒክን አይታችሁ ከተመለሳችሁ፣ አራት የጉዞ ቀን ነው ግን ርቀቱ መካከለኛ ነው። እያንዳንዱን በቅናሽ 30 ዩሮ ብታገኙት 120 ዩሮ ነው። ፓሱ እዚህ ከእጥፍ በላይ ይወደዳል። አገሩ ጀርመን ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለ፦ ከ6 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ትኬቱ በሚቆረጥበት ጊዜ ከአዋቂው ጋር ከተመዘገቡ በርቀት ባቡሮች በነፃ ይሄዳሉ። ስለዚህ «በፓስ ልጆቹ ነፃ ናቸው» የሚለው ክርክር ጀርመን ውስጥ ሚዛን አይደፋም፤ በትኬቱም ነፃ ናቸውና። ማስመዝገቡን ከረሳችሁ ግን ባቡር ውስጥ ለልጆቹ ትከፍላላችሁ።

ወንበሩ ለብቻው ነው

ፓስ የገዙ ሰዎችን በጣም የሚያናድደው ይህ ነው፤ ከፍሎ ጨርሶ ጣቢያ ሲደርስ እንደገና መክፈል። በጀርመን፣ በኦስትሪያ፣ በስዊዘርላንድ፣ በቤልጂየም፣ በኔዘርላንድና በዴንማርክ አብዛኞቹ የአገር ውስጥ ባቡሮች ወንበር የማስያዝ ግዴታ የላቸውም። ፓሱን ይዞ ገብቶ መቀመጥ ነው። የፈረንሳይ ቴዤቬ፣ የስፔን አቬና የጣሊያን ፍሬቻሮሳ የሚባሉት ፈጣን ባቡሮች፣ ወደ ለንደን የሚሻገረው ዩሮስታርና የሌሊት መኝታ ባቡሮች ግን ያለ ወንበር ማስያዣ አያሳፍሩም። በአገር ውስጥ ፈጣን ባቡር ላይ ክፍያው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዩሮ ነው፤ ዩሮስታር ከዚያ ይበልጣል፣ መኝታ ደግሞ እንደ አልጋው ዓይነት ይጨምራል። ነፃ ፓስ የያዘው ልጅም ይህን ይከፍላል። አራት ሆናችሁ ሦስት ፈጣን ባቡር በ13 ዩሮ ብታስይዙ 156 ዩሮ ተጨማሪ መጣ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ከመጀመሪያው አስገቡት።

የፈረንሳይ ነገር ለብቻው ይነገር። ቴዤቬ ለፓስ ባለቤት የሚሰጠው ወንበር በቁጥር የተገደበ ነው። ባቡሩ ላይ ባዶ ወንበር እያለ፣ ለሌላው ሰው እየተሸጠ፣ ለፓስ ባለቤት ግን አልቋል ሊባል ይችላል። መፍትሔው ወይ ማስያዣውን ቀናችሁ እንደታወቀ ወዲያው መቁረጥ፣ ወይ ማስያዣ በማይጠይቁት የክልል ባቡሮች ዘግየት ብሎ መሄድ፣ ወይም ለዚያ አንድ መንገድ ነጠላ ትኬት መግዛት ነው። ጉዞው በአብዛኛው ፈረንሳይና ስፔን ውስጥ ከሆነ የፓሱ ነፃነት ግማሹ ይጠፋል፤ ስለዚህ ለእነዚህ አገሮች ነጠላ ትኬት እንመክራለን።

ጀርመን ውስጥ ማስያዝ ግዴታ ባይሆንም ዓርብ ከሰዓትና እሑድ ማታ ባቡሩ ይጨናነቃል፤ ከልጆችና ከአረጋውያን ጋር ከሆናችሁ ትንሿን የወንበር ክፍያ ክፈሉ። ሳታስይዙ ከገባችሁ ከወንበሩ በላይ ያለችውን ትንሽ ስክሪን እዩ። የሁለት ከተማ ስም ከተጻፈባት ወንበሩ በእነዚያ ከተሞች መካከል ተይዟል። «ኮሎኝ – ሐኖቨር» የሚል ካያችሁና እናንተ ኮሎኝ የምትወርዱ ከሆነ ያለ ሐሳብ ተቀመጡ፤ ባለቤቱ የሚሳፈረው እናንተ ስትወርዱ ነው።

ፓሱ የማይሠራባቸውም አሉ፦ የከተማ ሜትሮ፣ ትራምና አውቶቡስ በአብዛኛው፣ ፍሊክስትሬንና ዊጎ የሚባሉት ርካሽ ባቡሮችም። ርካሾቹን በነጠላ ትኬት ብቻ ነው የምትሳፈሩት።

ከቪዛው በፊት አትቁረጡ

ለአውሮፓዊው ተጓዥ የተጻፈ ምክር ሁሉ «ቀድመህ ቁረጥ» ይላል። ለድሬዳዋ ሰው ግን በመሐል ቪዛ አለ። ቪዛው ከተጠየቀው ቀን ዘግይቶ ሊወጣ፣ በተጠየቀው ፈንታ ያነሰ ቀን ሊሰጥ፣ ጭራሽም ሊከለከል ይችላል። በጣም ርካሾቹ ትኬቶች ደግሞ የማይመለሱና የማይቀየሩ ናቸው። ቪዛ ሳይወጣ 200 ዩሮ የማይመለስ ትኬት የቆረጠ ሰው፣ ቪዛው በአንድ ሳምንት ቢንሸራተት ሁሉንም ያጣል። ቪዛው እስኪወጣ ከጠበቀ ደግሞ ርካሹ ትኬት አልቆ ይቆየዋል። ፓስ ለእኛ ሰው ከሌላው የበለጠ የሚጠቅምበት ቦታ ይህ ክፍተት ነው። ፓስ ተገዝቶ እስከ 11 ወር ሳይነቃ (መቁጠር ሳይጀምር) ሊቀመጥ ይችላል፤ የመጀመሪያው ቀን ሲታወቅ ይነቃል። ያልነቃ ፓስ ከፊሉ ተቆርጦ ገንዘቡ የሚመለስበት መንገድ አለው፣ በቅናሽ ዘመቻ የተገዛ ከሆነ ግን ላይመለስ ስለሚችል ስትገዙ ሁኔታውን አንብቡ። የነቃ ፓስ አይመለስም። ስለዚህ ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ተለጥፎ ሳታዩት አታንቁት።

ቪዛችሁ የአንድ መግቢያ ከሆነ የባቡሩን መንገድ በካርታ ተከተሉት። በሸንገን ክልል፣ ማለትም በአንድ ቪዛ በሚዞሩባቸው የአውሮፓ አገሮች መካከል መሻገር ችግር የለውም፤ ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ሸንገን ውስጥ ናት። ለንደንና ቤልግሬድ ግን ውጭ ናቸው። ፓሱ ብሪታንያንም ሰርቢያንም ስለሚያካትት የተፈቀደ ይመስላል፤ ባቡር ለመሳፈር መፈቀዱ ድንበር ለመግባት መፈቀድ አይደለም። በአንድ መግቢያ ቪዛ ከወጣችሁ መመለሻ የለም።

ክፍያውን በተመለከተ፣ የሽያጭ ድረ ገጾቹ ዓለም አቀፍ ካርድና ብዙ ጊዜ በስልክ የሚላክ ማረጋገጫ ቁጥር ይጠይቃሉ። አብዛኛው ቤተሰብ ውጭ ያለ ዘመድ እንዲከፍል ያደርጋል፣ ይህም ይቻላል። ሁለት ነገር ግን አስቀድማችሁ ንገሩት። የመጀመሪያው፣ ገንዘብ ከተመለሰ የሚመለሰው ወደ እሱ ካርድ ነው። ሁለተኛው ስም ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባት፣ የአያት ስለሆነ ዘመዳችሁ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የአባታችሁን ስም ሊያስገባ ይችላል፣ ፓስፖርቱ ግን የአያትን አድርጎት ይሆናል። ፓሱን ስልክ ላይ ለመጫን የሚጠየቀው የፓሱ ቁጥርና የቤተሰብ ስም ነው፤ ስሙ ካልገጠመ አይከፈትም፣ ተቆጣጣሪም ከፓስፖርት ጋር ያመሳክራል። የፓስፖርቱን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ ላኩለት፣ እንደተጻፈ ይገልብጠው። የትውልድ ቀንም ከፓስፖርቱ ይወሰድ፤ በእኛ አቆጣጠር 1995 የተወለደን ልጅ 1995 ብሎ ማስገባት ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጀዋል፣ የወጣት ቅናሹንም ያስቀረዋል።

ሰዓቱን ቀይሩት

ትኬት ላይ 07:05 የሚል ከሆነ በእኛ ከጠዋቱ 1፡05 ነው። 13:05 ከቀኑ 7፡05፣ 19:05 ከምሽቱ 1፡05። የማይቀየር ቅናሽ ትኬት ይዞ 07:05ን ከቀኑ 7 ሰዓት ብሎ የመጣ ሰው ትኬቱን አጣ ማለት ነው፤ ፓስ የያዘው ግን ማስያዣ በማይጠይቅ መስመር ላይ ከሆነ ቀጣዩን ባቡር ይሳፈራል። የፓሱ የጉዞ ቀን በእነሱ ከ00:00 እስከ 23:59 ነው፤ በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ቀጣዩ ሌሊት 6 ሰዓት። ማታ ተሳፍራችሁ ባቡር ሳትቀይሩ ንጋት ላይ የምትወርዱበት የሌሊት ባቡር የሚወስድባችሁ የተነሳችሁበትን ቀን ብቻ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሌላ ባቡር ከቀየራችሁ ግን ሁለተኛ ቀን ይቆረጣል።

ስልኩ ላይ

ፓሱ አሁን በአብዛኛው በስልክ ነው፤ ሬይል ፕላነር በሚባል አፕ። ፓሱን በቁጥሩና በስሙ ትጭናላችሁ። የፓስፖርት ቁጥርና የመጀመሪያውን ቀን አስገብታችሁ ታነቃላችሁ። ከመሳፈራችሁ በፊት ባቡሩን ከሰዓት ዝርዝሩ ፈልጋችሁ ወደ ጉዟችሁ ትጨምራላችሁ፣ ከዚያ ያን ጉዞ ፓሱ ላይ ታበሩታላችሁ። ያን ጊዜ የሚወጣው ኪውአር ኮድ ነው ለተቆጣጣሪ የሚታየው። ሰው የሚሳሳተው የመጨረሻዋ ላይ ነው፦ ጉዞውን ጨምሮ ሳያበራው ይሳፈራል። የነቃ ፓስ ብቻውን ትኬት አይደለም፤ ያልበራ ጉዞ ያለ ትኬት እንደመሳፈር ይቆጠራል። ስልኩም ቢያንስ በየ3 ቀኑ ኢንተርኔት ማግኘት አለበት። ባትሪ ካለቀ ትኬት የለምና ፓወር ባንክ ከእጅ አይለይ።

ሲዘገይ

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከ60 እስከ 119 ደቂቃ ለዘገየ ባቡር ከትኬቱ ዋጋ 25 በመቶ፣ ለ120 ደቂቃና ከዚያ በላይ 50 በመቶ እንዲመለስ ያዛል። ጀርመን ውስጥ ለአንድ ባቡር ብቻ የታሰረ ቅናሽ ትኬት፣ መድረሻችሁ ላይ 20 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ የምትዘገዩ ከሆነ ከእስሩ ይፈታል፤ በሌላ ባቡር መሄድ ትችላላችሁ። ይህ የሚሠራው ግን መንገዱ ሁሉ በአንድ ትኬት ሲቆረጥ ነው። ትንሽ ለማትረፍ ዙሪክ ድረስ አንድ፣ ከዙሪክ ሚላኖ ሌላ፣ ከሚላኖ ሮም ሌላ ትኬት ለየብቻ የቆረጠ ሰው የመጀመሪያው ባቡር ሲዘገይ ሁለቱን ቀጣዮች ሊያጣ ይችላል። በየብቻው መቁረጥ ካለባችሁ በመቀየሪያው ጣቢያ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተዉ። ሁለት ሁለት ሻንጣ፣ በርበሬና ሽሮ ተሸክማችሁ ባቡር ለመቀየር አፑ የሚሰጣችሁ 8 ደቂቃ አይበቃም፤ በፓስም ቢሆን።

አንድ አገር ብቻ ከሆነ

ወደ አንድ አገር ብቻ ለሚሄድ ሰው የ33 አገር ፓስ አያስፈልግም። ስዊዘርላንድ ለውጭ እንግዶች የራሷ ፓስ አላት፤ ለ3፣ 4፣ 6፣ 8 ወይም 15 ተከታታይ ቀን፣ ባቡሩን ብቻ ሳይሆን አውቶቡሱን፣ የሐይቅ ጀልባውን፣ የከተማ ትራንስፖርቱንና ከ500 በላይ ሙዚየሞችን ይዞ። አገሩ ውድ ስለሆነና በየቀኑ የሚንቀሳቀስ ጎብኚ ሁሉንም ስለሚጠቀም እዚያ ፓስ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

በጃፓን ነገሩ ተገልብጧል። የ7 ቀኑ የጃፓን ባቡር ፓስ እ.ኤ.አ. እስከ ጥቅምት 2023 29,650 የን ነበር፤ ያን ጊዜ ወደ 50,000 የን ዘለለ። ከቶኪዮ ኪዮቶ በፈጣኑ ባቡር ደርሶ መልስ 28,000 የን ገደማ ነው። ለዚህ መንገድ ብቻ ከሆነ ትኬት ቁረጡ። «ጃፓን ስትሄድ ፓስ ግዛ» የሚለው ምክር ከዋጋ ጭማሪው በፊት የነበረ ነው።

ጀርመን ዘመድ ጋር አንድ ወር ለሚቀመጥ ደግሞ ዶይችላንድ ቲኬት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2026 በወር 63 ዩሮ። የአገሩን የክልል ባቡሮች፣ የከተማ ባቡር፣ ትራምና አውቶቡስ በሙሉ ያካትታል። ፈጣኖቹን የርቀት ባቡሮች አያካትትም፤ ከፍራንክፈርት ሙኒክ በእሱ ሲሄዱ ጊዜው ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ባቡርም መቀያየር አለ። ከዘመድ ቤት ወደ መሐል ከተማ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ፣ ቅዳሜ አጠገብ ወዳለችው ከተማ ለሚመላለስ ግን ከዚህ የሚረክስ የለም። ትኬቱ በስም ስለሆነ ከአስተናጋጁ ተውሶ መጠቀም አይቻልም፤ ለእንግዳው በራሱ ስም ይቆረጥ። የሚሸጠውም በየወሩ ራሱን በሚያድስ ውል ነው። ወሩ ሲያልቅ እንዲቆም እስከዚያው ወር 10ኛ ቀን ድረስ መሰረዝ አለበት፤ ካልተሰረዘ እንግዳው ድሬዳዋ ከገባ በኋላም የቀጣዩ ወር 63 ዩሮ ከዘመዱ ሒሳብ ይቆረጣል።